የፍሪዘሩ ዳምፕሊንግና ያልተቆጠረው ጉልበት

ነገሩ የተጀመረው በእራት ገበታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በነሐሴ ወር አንዲት ጃፓናዊት እናት ደክሟት ሳለ ከፍሪዘር አንድ ከረጢት ግዮዛ አውጥታ ጠበሰችና ለቤተሰቧ አቀረበች። ልጇ «ይጣፍጣል» ብሎ ሲደሰት ባሏ ግን «ቴኑኪ» የምትል ቃል ጣል አደረገ። ቃሏ በእኛ አነጋገር «ሥራ አጉድለሻል፣ ገላገል ብለሻል» እንደ ማለት ናት። ሴትዮዋ ብሶቷን በትዊተር ጻፈችው፤ የሚያውቃትም የማያውቃትም ገባበት። ግዮዛ አምራቹ የአጂኖሞቶ ኩባንያም ዝም አላለም። «ቴኑኪ ሳይሆን ቴማኑኪ ነው» ሲል መለሰ። በጃፓንኛ አጻጻፍ የተጨመረችው አንዲት ፊደል ብቻ ስትሆን፣ ትርጉሙ ግን «ሥራ ያጎደልሽ ሳትሆን ልፋት የቀነስሽ ነሽ» ወደሚል ይዞራል። ኩባንያው በዚያ ሳያበቃ ጎመኑ እንዴት እንደሚከተፍ፣ ሊጡ እንዴት እንደሚዳመጥና እንደሚታጠፍ የፋብሪካውን ሥራ በተንቀሳቃሽ ምስል አሳየ።

እንደሚታወቀው ኩባንያ ሲያጽናናን ኪሳችንን መጠበቅ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጸሐፊ እምነት ኩባንያው ግማሽ እውነት ተናግሯል። ሴትዮዋ አልሰነፈችም። ልፋቱ ግን አልጠፋም፤ ከአንድ ማጀት ወጥቶ ሌላ ማጀት ገባ እንጂ። ማን ጫንቃ ላይ አረፈ? ስንትስ ተከፈለበት? ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ቀሪውን ግማሽ ነው።

ዳምፕሊንግ በልቶ የማያውቅ አንባቢ ብዙም አይቸገር፤ ሳምቡሳ ያውቃልና። ስስ ክብ ሆኖ የተዳመጠ የስንዴ ሊጥ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ፣ ጥቅል ጎመን፣ ባሮ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይጨመርና ታጥፎ ጠርዙ በጣት እየተቆነጠጠ ይዘጋል። ከዚያ ይቀቀላል፣ በእንፋሎት ይበስላል ወይም ይጠበሳል። ቻይናዎች ጂያኦዚ፣ ጃፓኖች ግዮዛ፣ ኮሪያዎች ማንዱ ይሉታል። ሶቪየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ ታላላቆቻችን ደግሞ ፔልሜኒ በሚለው ስሙ ያስታውሱታል። የሳይቤሪያ ሰዎች ፔልሜኒያቸውን በብዛት ሠርተው በክረምት ደጅ ያስቀምጡት ነበር። የሰሜን ምሥራቅ ቻይና ሰዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ፍሪዘር ከመምጣቱ በፊት ፍሪዘሩ ደጅ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለአራት ሰው የሚበቃ ስልሳ ያህል ጂያኦዚ በቤት ለመሥራት ዱቄቱ ይቦካል፣ ሊጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ያርፋል። ጎመኑ ተከትፎ ጨው ይነሰነስበትና ውሃው እስኪወጣ በእጅ ይጨመቃል፤ ይህ ከተዘለለ ሊጡ ይረጥብና ይቀደዳል። ሥጋው ከቅመሙ ጋር በአንድ አቅጣጫ እየተማሰለ ይዋሐዳል። ከዚያ ሊጡ ስልሳ ቦታ ይቆረጣል፣ እያንዳንዱ መሐሉ ወፈር ጠርዙ ሳሳ ብሎ ይዳመጣል፣ ይሞላል፣ ይታጠፋል። እጇ የለመደች ሴት እንኳ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። የሚበላው በሃያ ደቂቃ ነው።

በሰሜን ቻይና ይህ ሥራ በአዲስ ዓመት ዋዜማ የቤተሰብ ጨዋታ ነው። አያት ትዳምጣለች፣ አባት ይሞላል፣ ልጆች እያበላሹ ያጥፋሉ፣ ከአንዱ ውስጥም ሳንቲም ይደበቃል፤ ሳንቲሙ የደረሰው ዓመቱ ይቀናዋል ይባላል። ያን ምሽት ፋብሪካ እንዲተካው የሚፈልግ የለም፤ ይህ ጸሐፊም አይመክርም። ማክሰኞ ማታ በሁለት ሰዓት ከሥራ የገባች ሴት ብቻዋን ቆማ ስልሳ ጊዜ ስታጥፍ ግን ጨዋታው ሥራ ይሆናል። ባልየው ገበታ ላይ ሆኖ የናፈቀው የዋዜማውን ምሽት ነው፤ የጠየቀው ግን የማክሰኞውን ጉልበት ነው።

ምጣኔ ሀብት የተማረ ሰው በዚህ ረገድ ሊያፍር ይገባዋል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 በታተመ መጽሐፋቸው አንድ ሰው የቤት ሠራተኛውን ቢያገባት የአገሪቱ ገቢ ይቀንሳል ብለው ነበር። ሴትዮዋ የምትሠራው ያንኑ ሥራ ነው፤ ደመወዝ ስለቀረ ግን ከመዝገብ ይሰረዛል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎም የአገር ውስጥ ምርት ሲሰላ ያልተከፈለበት የማጀት ሥራ አይደመርም። የፍሪዘሩ ዳምፕሊንግ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። በቤት ሲሠራ ዜሮ የነበረው ጉልበት ፋብሪካ ሲገባ ዋጋ ይለጠፍበታል። ከረጢቱ ውድ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ የምናወዳድረው በነጻ ከምንቆጥረው እጅ ጋር ነውና።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በርበሬ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ በፌስታል ሲሸጥ፣ ሽሮው ተነፍቶ ሲቀርብ፣ እንጀራ ከሱቅ ሲገዛ በየቤቱ ስንት ነገር እንደተባለ እናቶቻችንን መጠየቅ ነው። «የሱቅ እንጀራ የምታበላ ሚስት» የሚለው ስላቅ በአዲስ አበባ ገና ድምፁ አልጠፋም። ዛሬ ግን ያንኑ ስላቅ የሚወረውረው ሰው ራሱ ወደ ቤት ሲገባ አምስት እንጀራ አንጠልጥሎ ነው። የባልትና ምርት ማለት አስቀድሞ የተከማቸ የሴት ጉልበት ነው። ልዩነቱ በማቆያ ዘዴው ላይ ነው፤ እኛ ድርቆሹንም፣ ቋንጣውንም፣ በርበሬውንም በፀሐይ አድርቀን እናቆያለን፣ እነርሱ በብርድ ያቆያሉ።

ብርዱም ቢሆን እንዲሁ የመጣ አይደለም። ዜንግዡ በተባለችው የቻይና ከተማ የሆስፒታል ቀዶ ሐኪምና ምክትል ኃላፊ የነበሩት ዶ/ር ቼን ዜሚን እ.ኤ.አ. በ1990 ታንግዩዋን የተባሉትን ድቡልቡል የሩዝ ሊጦች አንድ በአንድ በፍጥነት የሚያቀዘቅዝ ዘዴ አወጡ። በ1992 ሕክምናውን ትተው ሳንችዋን የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፣ ዳምፕሊንጉም ተከተለ። ስሙ የተወሰደው ቻይና ገበያዋን እንድትከፍት መንገድ ከጠረገው የ1978ቱ የኮሚኒስት ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ሦስተኛ ምልዓተ ጉባኤ ነው። ለምግብ ሸቀጥ እንዲህ ያለ ስም ማውጣት የሚችል ነጋዴ የዘመኑን ነፋስ ያወቀ ነው! ኩባንያው በ2008 በሼንዠን የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ።

ምስጢሩ ፍጥነቱ ነው። ምግብ በቤት ፍሪዘር ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ውሃ ትልልቅ የበረዶ ስንጥር ይሠራል፤ ስንጥሩ ሥጋውንም ሊጡንም ይወጋል፣ ሲበስልም ፈሳሹ ይወጣና ይደርቃል። ፋብሪካው ግን ከዜሮ በታች 30 ዲግሪና ከዚያም በሚወርድ ብርድ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳል፤ ስንጥሩ ደቃቅ ስለሚሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ገዢው ቤት ድረስ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መቆየት አለበት። ይህች ቁጥር ኋላ ስለምታስፈልገን አንባቢ ይያዛት።

ከሐኪሙ በፊት ግን የአንዲት እናት ታሪክ አለ። ወ/ሮ ቾንግ ኪንዎ እ.ኤ.አ. በ1977 ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ከዋናው ቻይና ሆንግ ኮንግ ገቡ። ባል ሌላ ትዳር ስለነበረው ልጆቹን የማሳደጉ ሸክም በእርሳቸው ላይ ወደቀ። ዋን ቻይ በተባለው የጀልባ ወደብ አጠገብ በጋሪ ጂያኦዚ መሸጥ ጀመሩ። ስማቸው ሲወጣ አንድ የጃፓኖች ትልቅ መደብር በራሱ ማሸጊያ ሊሸጥላቸው ጠየቀ፤ እርሳቸው ግን በራሴ ስም ካልሆነ አልሰጥም ብለው ጸኑ፣ መደብሩም እሺ አለ። «ዋን ቻይ ፌሪ» ከረጢት ሆኖ ፍሪዘር ውስጥ የገባው እንዲህ ነው። ኋላ ከአሜሪካኖቹ ፒልስበሪ ጋር ተሻረኩ፣ እርሱም በ2001 በጄኔራል ሚልስ ተጠቀለለ። ወ/ሮ ቾንግ ያረፉት በ2019 ነው። በመርካቶና በየሠፈሩ እንጀራ፣ ሽሮና ለሳምቡሳ የተዳመጠ ሊጥ ለሱቅ የሚያስረክቡ ሴቶች ይህን ታሪክ ቢሰሙት ይህ ጸሐፊ ደስ ይለዋል። በርካታ ሴቶች ምርታቸውን ያለ ስም ያስረክባሉ፤ ስሙን የሚለጥፈው ሌላ ነው፣ ትርፉም ከስሙ ጋር ይሄዳል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ይመስላል። የማናየውን ማጀት ማመን ግን ምን ያህል እንደሚያስከፍል የታየው በታኅሣሥ 2007 እና በጥር 2008 (እ.ኤ.አ.) ነው። በጃፓን ቺባና ህዮጎ በተባሉ አውራጃዎች የሦስት ቤተሰብ አባላት የሆኑ አሥር ሰዎች የፍሪዘር ግዮዛ በልተው ታመሙ፤ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ራሷን እስከ መሳት ደርሳ ነበር። በምግቡ ውስጥ የተገኘው ሜታሚዶፎስ የተባለ ፀረ ተባይ መርዝ ነው። ግዮዛው የተሠራው በቻይና ሄቤይ ግዛት በሚገኘው ቲያንያንግ በተባለ ፋብሪካ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ስሕተቱን አንዱ ወደ ሌላው ሲገፉ ከረሙ፣ የጃፓን ሸማችም ከቻይና ፍሪዘር ሸሸ። በመጨረሻ በ2010 የቀድሞ የፋብሪካው ጊዜያዊ ሠራተኛ ተያዘ፤ በ2014 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ምክንያቱ ምን ነበር? በደመወዙና በአያያዙ ተማሮ ነበር።

ወንጀሉን የሚያለዝብ ቃል የለም፤ ሕፃን የተመረዘበት ነገር ነው። ነገር ግን አንድ የገበያ ዓምድ ጸሐፊ ይህን ፍርድ አንብቦ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ርካሹ ከረጢት ለምን ርካሽ ሆነ? ቶኪዮ ያለችው እናት ያተረፈችውን ሁለት ሰዓት ሄቤይ ያለ ሰው ነው የሠራላት፤ ያ ሰው ደግሞ ዓመት ከዓመት ጊዜያዊ ነው። ስለ እርሱ ደመወዝ በእራት ገበታው ላይ የጠየቀ አልነበረም። ቁጥጥር፣ ምርመራ፣ የማሸጊያ ማኅተም ሁሉ ያስፈልጋል፤ ጃፓኖችም ከዚያ በኋላ አጠበቁት። ይሁንና ሊጡን ለሚነካ ሰው ተገቢውን አለመክፈል ወጪ መቀነስ ተብሎ በመዝገብ ሲሰፍር የአደጋው ዋጋ ወደ ሸማቹ ሳህን እንደተዛወረ መታወቅ አለበት።

ይህን ሁሉ አውቆም ይህ ጸሐፊ ዳምፕሊንግ ይወዳል። ባለፈው ሰሞን በቦሌ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ሱፐርማርኬት አንድ ከረጢት ገዛ። ዋጋው ከአንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ብዙም የማይርቅ ነበር። ቤት ገብቶ ሲከፍተው ሃምሳው ጂያኦዚ አንድ ድንጋይ ሆኖ ተጣብቋል። ይህ የሚሆነው አንድ ጊዜ ቀልጦ እንደገና ሲቀዘቅዝ ነው። መብራት ሄዶ ይሆናል፣ ከመርከብ ሲወርድ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይሆናል፤ ከዜሮ በታች 18 የምትለው ቁጥር ግን አንድ ቦታ ላይ ተሰብራለች። ሻጩ «አይመለስም» አለ። ሥጋ ያለበት ስለሆነ ገንዘቡም ዳምፕሊንጉም ወደ ቆሻሻ ሄደ። ስለዚህ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ከረጢቱን ይነቅንቀው፤ እንደ ጠጠር እየተንኳኳ ከተላቀቀ ደኅና ነው። በውስጡ በረዶ ከተጋገረበት ወይም እብጠቱ አንድ ላይ ከሆነ ይተወው።

መለያውንም ማንበብ ግድ ነው። ከቻይና የሚመጣው ብዙው የአሳማ ሥጋ ያለበት በመሆኑ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አገራችን ሰው አይሆንም። የበሬና የበግም ይገኛል። «አትክልት ነው» ተብሎ ለጾም የሚገዛው ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፤ ባሮ መሰል ቅጠል በእንቁላል ተሞልቶ የሚሠራው ከተለመዱት ዓይነቶች አንዱ ነውና።

የሁለተኛው ከረጢት ዕጣ ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር። አበሳሰሉን በሚመለከት ትልቁ ስሕተት ማቅለጥ ነው፤ ከቀለጠ ሊጡ ይላቁጥና ይቀደዳል። ከፍሪዘር ወጥቶ ቀጥታ ነው የሚገባው። ለመቀቀል ሰፊ ድስት በብዙ ውሃ ይጣዳል፣ በደንብ ሲንተከተክ ዳምፕሊንጉ ይጨመራል፣ ከሥር እንዳይዝ በጭልፋ ጀርባ ቀስ ተብሎ ይገፋል። ከዚያ የሰሜን ቻይና እናቶች ዘዴ ይመጣል። ውሃው ዳግመኛ ሲፈላ አንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ይደረግበታል፣ ሲፈላ እንደገና፣ ሲፈላ ለሦስተኛ ጊዜ። በኃይል የሚንተከተክ ውሃ ሊጡን ይሰብረዋል፤ ቀዝቃዛው ግን ውጩን አረጋግቶ ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ጊዜ ይሰጠዋል። አብጦ ሲንሳፈፍና ሊጡ ብርሃን ሲያስተላልፍ ደርሷል።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ሕግ አላት። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2 ሺ 300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ የሻንጋይና የጓንግዡ ደቂቃ ነው። በእርሱ የሄደ ሰው መሐሉ ቀይ የሆነ ሥጋ ያገኛል፤ ይህ ጸሐፊም አግኝቷል። ሦስት አራት ደቂቃ መጨመር፣ ከዚያም አንዱን ገምሶ ማየት ያስፈልጋል። ለጥብሱ ወፍራም መጥበሻ ላይ ጥቂት ዘይት ይደረጋል፣ ዳምፕሊንጉ ሆዱን ወደ ታች አድርጎ ይደረደራል። የታችኛው ቀላ ሲል እስከ ቁመቱ ሲሶ ድረስ ውሃ ይፈስበትና ወዲያው ይከደናል። ውሃው ሊያልቅ ሲል ይከፈታል፣ ድምፁ ከመንፏቀቅ ወደ መንቸስቸስ ሲለወጥ ተጠብሷል ማለት ነው። ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፤ በእኛ ከፍታ እንፋሎቱ ካመለጠ ሊጡ ጥሬ ይቀራል።

ማጥቀሻው በቻይና ጥቁር ኮምጣጤ፣ ሶያ ሶስና ነጭ ሽንኩርት ነው። እዚህ አቼቶ በጥቂት ስኳር ለዝቦ፣ ሶያ ሶስ ጠብ ተደርጎበት፣ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦና ሚጥሚጣ ተነስንሶበት ሲቀርብ ይህ ጸሐፊ ከቻይናው አሳንሶ አያየውም። አዋዜም ሞክሯል፤ አዋዜው ሥጋውን ሸፈነው እንጂ አልረዳውም። የተቀቀለበት ውሃም አይደፋም። ቻይናዎች ከምግቡ በኋላ በትኩሱ ይጠጡታል፣ ለብርድ ቀንም ይስማማል።

ታዲያ የአገራችን ሳምቡሳ በዚህ መንገድ ቢሄድስ? በረመዳን ወር ስንት ሊጥ እንደሚዳመጥ፣ በጾም ስንት የምስር ሳምቡሳ በየካፌው እንደሚሸጥ ለሚያይ ሰው ፍላጎቱ አለ። እጁም አለ። የጎደለው ከሴቲቱ ማጀት እስከ ገዢው ቤት ብርዱ ሳይቆረጥ የሚደርስበት መንገድ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የሚቀልጥ ምግብ ላይ ገንዘቧን የምታፈስ ባለሙያ ምግብ ሳይሆን ሎተሪ ነው የምትሸጠው፤ ኪሳራውም የእርሷ ብቻ ይሆናል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ብድር ሰጪዎች ለእንዲህ ያለ ሥራ ሲያበድሩ ከሊጥ ማሽኑ በፊት ጄኔሬተሩንና ፍሪዘሩን ቢያስቀድሙ፣ ሱፐርማርኬቶችም የቀለጠውን ዕቃ በአቅራቢዋ ላይ ከመመለስ ይልቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በውል ቢጽፉ ይሻላል። እስከዚያው ድረስ በርበሬና ድርቆሽ ተፎካካሪ የላቸውም፤ መብራት አይጠይቁምና።

ወደ ጃፓን ልመለስና ላብቃ። አጂኖሞቶ ግዮዛውን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በ1997 ዘይት ሳይጨመር፣ በ2012 ደግሞ ዘይትም ውሃም ሳይጨመር እንዲጠበስ አደረገው። በ2023 ግን አንድ ደንበኛ መጥበሻዬ ላይ ተጣበቀብኝ ሲል አቤት አለ። ኩባንያው የተጣበቀባችሁን መጥበሻ ላኩልኝ ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ፣ ከ3 ሺ በላይ መጥበሻ ደረሰው፤ አጥንቶም ግዮዛውን አሻሻለ። የዚህ ጸሐፊ መጥበሻ ግን ቦታው ሩቅ ስለሆነ አልተላከም። ሙቅ ውሃ ተሞልቶበት ከትናንት ማታ ጀምሮ ተነክሯል፤ ምግቡን ያበሰለችው እህቴ ስለሆነች የማጠቡ ተራ የእኔ ነው።